የቤት ፋይል ሰርቨር፤ ብሩ ለፕሮሰሰር ወይስ ለዲስክ?

የአንድ መካከለኛ አስመጪ ሀብት መጋዘን ውስጥ የተከማቸው ዕቃ ብቻ አይደለም። ዲክላራሲዮኑ፣ ኤል ሲው፣ ፕሮፎርማው፣ የሽያጭ ደረሰኙና የኦዲት ሪፖርቱም ሀብት ነው። ቀድሞ ይህ ሁሉ በቦክስ ፋይል ታስሮ መደርደሪያ ላይ ይቀመጥ ነበር። ዛሬ ግን አብዛኛው ስካን ተደርጎ ወይም በስልክ ፎቶ ተነስቶ በአንድ ላፕቶፕ፣ በሁለት ሦስት ፍላሽና በቴሌግራም ውስጥ ተበታትኖ ይገኛል። ላፕቶፑ የተሰረቀ ወይም ዲስኩ የተበላሸ ዕለት የዓመታት ሰነድ አብሮ ይሄዳል። ግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት ደግሞ በሰነድ ያልተደገፈን ወጪ እንደ ወጪ አይቆጥርም።

ለዚህ ችግር በርካታ ነጋዴዎችና የቤት ሽያጭ ደላሎች እየተጠጉት ያለው መፍትሔ አነስተኛ የቤት ፋይል ሰርቨር ነው። ይህ ከጫማ ካርቶን ብዙም የማይበልጥ፣ ቀን ከሌት የማይጠፋ፣ ከራውተሩ ጋር በኬብል የተገናኘ ኮምፒዩተር ሲሆን የቤቱና የቢሮው ላፕቶፖችና ስልኮች ፋይላቸውን እዚያ ያኖራሉ። ክላውድ የሚባለው አማራጭ መኖሩ የታወቀ ነው፤ ይሁንና ክፍያው በየወሩ በውጭ ምንዛሪ የሚታሰብ ከመሆኑም በላይ ኢንተርኔት በተቋረጠ ቁጥር ፋይሉም አብሮ ይርቃል። የራስ ሰርቨር ኢንተርኔት ቢጠፋም በግቢው ውስጥ ሥራውን ይቀጥላል።

አስቸጋሪው ነገር ሸመታው ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ተመኑን ለገበያው ከለቀቀ ወዲህ ቀድሞ 57 ብር ግድም የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ተሻግሯል። የኮምፒዩተር ዕቃ ደግሞ ከብሎኑ እስከ ፕሮሰሰሩ ከውጭ የሚገባ ነው። በመሆኑም ለማያስፈልግ ነገር የሚወጣ እያንዳንዱ ዶላር ከሚያስፈልገው ላይ የሚቀነስ ነው። በዚህ ገበያ ደግሞ ለማያስፈልገው ነገር ማውጣት እጅግ ቀላል ነው።

ጉሮሮው ኬብሉ ነው

በአዲስ አበባ የኮምፒዩተር መደብሮች ሙሉው ሣጥን «ሲፒዩ» እየተባለ ይጠራል። ስያሜው በራሱ የገዢውን ዓይን ወደ አንድ ዕቃ ብቻ ይስበዋል፤ ሻጩም «ኮር አይ ሰቨን ነው» ሲል ዋጋውን ይሰቅላል። ፋይል ሰርቨር ግን ሒሳብ አያሰላም፣ ቪዲዮ አያቀናብርም። ሥራው ከዲስክ ተቀብሎ ለኬብል ማቀበል፣ ከኬብል ተቀብሎ ዲስክ ላይ መጻፍ ነው።

የተለመደው የጊጋቢት ኔትዎርክ በሰከንድ 1,000 ሜጋ ቢት ያስተላልፋል። ይህ ወደ ባይት ሲመነዘር 125 ሜጋ ባይት ነው፤ በተግባር የሚገኘው 110 ግድም ነው። በዚህ ዘመን የተሠራ አንድ ተራ ሀርድ ዲስክ ብቻውን ከዚህ በላይ ማቅረብ ይችላል። እንግዲህ ጉሮሮው ኬብሉ ከሆነ ውድ ፕሮሰሰር ገዝቶ ከጉሮሮው ኋላ ማሰለፍ ምን ይጠቅማል? ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2023 መጀመሪያ ላይ ያወጣው «ኤን100» የተባለው ፕሮሰሰር አራት ኮር ያለውና 6 ዋት የተመደበለት አነስተኛ ዕቃ ሲሆን ለአንድ ቤተሰብና ለአንድ ቢሮ ፋይል ከበቂ በላይ ነው።

ይልቅ ብዙዎች የማያዩት ሌላ ጉሮሮ አለ። ርካሽ ራውተሮች ላይ ያሉት የኬብል ቀዳዳዎች ጊጋቢት ሳይሆኑ 100 ሜጋ ቢት ብቻ የሚያሳልፉ ሊሆኑ ይችላሉ። እንዲህ ከሆነ ፍጥነቱ በሰከንድ ወደ 12 ሜጋ ባይት ይወርዳል፤ የቱንም ያህል ገንዘብ የፈሰሰበት ሰርቨር ቢሆን ከዚያ አያልፍም። አምስት ቀዳዳ ያለው ተራ የጊጋቢት ስዊች ይህን ችግር በአነስተኛ ወጪ ይፈታዋል። ኬብሉም ሙሉ መዳብ መሆኑ ይጣራ፤ በመዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ገበያው ውስጥ በመዳብ ስም ይሸጣል።

አዲስ፣ ስላሽ ወይስ የተዘጋጀ

ለሣጥኑ ሦስት መንገድ አለ። አንደኛው ፋብሪካው አገጣጥሞ የሚሸጠው ነው፤ ሲኖሎጂና ኪውናፕ በዚህ የታወቁ ናቸው። ዲስክ ብቻ ማስገባት ነው፤ ሥራ ለሚበዛበት ሰው ምቹ ነው። ነገር ግን ገዢው ከዕቃው ጋር የፋብሪካውን ፖሊሲም አብሮ ይገዛል። ሲኖሎጂ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2025 በዚያ ዓመት የሚወጡት የ«ፕላስ» ምርቶቹ የራሱን ስም የያዙ ወይም እሱ ያጸደቃቸውን ዲስኮች ብቻ ሙሉ በሙሉ እንደሚያስተናግዱ አስታወቀ። ደንበኛው አጉረመረመ፤ ኩባንያውም በጥቅምት ወር ገደቡን በአመዛኙ አነሳ። እንዲህ ያለ ገደብ የሚጎዳው የፈለገውን ዲስክ እንደልቡ ማዘዝ የማይችለውን፣ ገበያው ላይ የተገኘውን የሚገዛውን አገር ነው።

ሌላም ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ2017 የኢንቴል «አተም ሲ2000» ፕሮሰሰሮች ከተወሰነ ጊዜ አገልግሎት በኋላ ሊሞቱ የሚችሉበት ጉድለት እንዳለባቸው ታወቀ። ፕሮሰሰሩ በተዘጋጁ የፋይል ሰርቨሮች ውስጥም ገብቶ ነበር። ዲስኩ ደህና ሆኖ ሣጥኑ ሲሞት ጥያቄው ዲስኩን ሌላ ማሽን ያነበዋል ወይ የሚለው ነው። እንደ ኦፕን ሚዲያ ቮልትና ትሩናስ ያሉት ነፃ ሶፍትዌሮች እዚህ ላይ ትልቅ ብልጫ አላቸው። ዲስኮቹን ነቅሎ ተመሳሳይ ሶፍትዌር የተጫነበት ማንኛውም ተራ ኮምፒዩተር ላይ መሰካት ይቻላል።

ሁለተኛው መንገድ አዲስ ዕቃ ገዝቶ መገጣጠም ነው። 17 በ17 ሴንቲ ሜትር የሆነው ሚኒ አይቲኤክስ ማዘርቦርድ እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ ለትንንሽ ኮምፒዩተሮች መለኪያ ሆኖ ቆይቷል። ኤን100 የተገጠመላቸው እንዲህ ያሉ ቦርዶች አሉ፤ ችግሩ ከነኬዙ ማስመጣት የሚጠይቁ መሆናቸው ነው።

ሦስተኛውና ለኪስ የሚቀርበው ስላሽ ነው። ከውጭ ቢሮዎች የወጡት አነስተኛ የዴል፣ የኤችፒና የሌኖቮ ዴስክቶፖች ከነፕሮሰሰራቸው፣ ከነራማቸውና ከነፓወር ሰፕላያቸው ይገኛሉ። ስድስተኛ ወይም ሰባተኛ ትውልድ ኮር አይ ፋይቭ ለዚህ ሥራ ይተርፋል። መጠንቀቅ የሚገባው መጠኑ ላይ ነው። መጽሐፍ የሚያክሉት እጅግ ትንንሾቹ ለአንድ ትንሽ ዲስክ ብቻ ቦታ ስላላቸው አይሆኑም፤ ትላልቆቹን ዲስኮች በዩኤስቢ ከውጭ ማንጠልጠልም ኬብሉ በተነካ ቁጥር የሚቋረጥ ዝግጅት ነው። ከዚያ ከፍ ያሉት ውስጥም አንዳንዱ አንድ፣ አንዳንዱ ሁለት ትልቅ ዲስክ ይይዛል። ሞዴሉን ከማመን ክዳኑን አስከፍቶ የዲስክ ማስቀመጫውንና የሳታ መሰኪያውን መቁጠር ይሻላል። ሁለት ከሌለው ዋጋው ቢረክስም መተው ነው።

ራሙን በተመለከተ ነገሩ አጭር ነው። 8 ጊጋ ባይት ይበቃል፤ 16 ደግሞ ምቾት ነው። ለአንድ ቴራ ባይት ዲስክ አንድ ጊጋ ባይት ራም ያስፈልጋል የሚለው ወሬ ለቤት የሚሠራ አይደለም። በተለይ እ.ኤ.አ. በ2025 መጨረሻ ላይ ለአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ የሚገነቡት ዳታ ማዕከሎች የዓለምን የራም ምርት ሲጠራርጉ የበርካታ ራሞች ዋጋ ከእጥፍ በላይ ወጥቷል፤ ማይክሮንም በታኅሣሥ ወር «ክሩሻል» ከተባለው የተራ ሸማቾች ገበያው እንደሚወጣ አስታውቋል። ከዚህ አኳያ ራሙ ውስጡ ያለበት ስላሽ ማሽን ይበልጥ አዋጭ ሆኖ ይታያል።

መብራቱን አብሮ መግዛት

ቀን ከሌት የሚሠራ ማሽን በዋት ይመዘናል። ሁለት ዲስክ የያዘ አነስተኛ ሰርቨር በአማካይ 30 ዋት ቢበላ በዓመት 263 ኪሎ ዋት ሰዓት ግድም ይሆናል። 100 ዋት የሚበላ አሮጌ ትልቅ ማሽን ደግሞ 876 ይደርሳል። በነፃ የተገኘ አሮጌ ሰርቨር በመብራት ቢል ዋጋውን ያስከፍላል ማለት ነው።

ከቢሉ ይልቅ የሚከብደው ግን መቆራረጡ ነው። ዲስክ እየጻፈ ሳለ መብራት ቢጠፋ ፋይሉ ሊበላሽ ይችላል፤ ተመልሶ ሲመጣ ደግሞ ቮልቴጁ ዘሎ ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ ዩፒኤስ ከሰርቨሩ ተነጥሎ የሚታይ ተጨማሪ ዕቃ ሳይሆን አንዱ አካሉ ነው። ገበያው ላይ በብዛት የሚታዩት ትንንሽ ዩፒኤሶች 12 ቮልት 7 አምፒር ሰዓት ባትሪ አላቸው፤ ሲባዛ 84 ዋት ሰዓት ነው። ሰርቨሩና ራውተሩ አንድ ላይ 40 ዋት ቢበሉ፣ የሚባክነው ተቀንሶ፣ ባትሪው አዲስ ሳለ ለአንድ ሰዓት ግድም ያቆያል። ዋናው ቁም ነገር የሰዓቱ ርዝመት አይደለም። ዩፒኤሱ የዩኤስቢ ገመድ ያለውና ባትሪው ሊያልቅ ሲል ለሰርቨሩ ምልክት ልኮ በሥርዓት እንዲዘጋ የሚያደርግ መሆን አለበት። ያለዚህ ገመድ የተገዛ ዩፒኤስ ባለቤቱ ከቤት በሌለበት ሰዓት የሚጠቅመው ግማሹን ነው።

ፓወር ሰፕላይም በክብደቱ ይታወቃል ይባላል፤ ፍጹም መለኪያ ባይሆንም እውነትነት አለው። ከርካሽ ኬዝ ጋር የሚመጣው «500 ዋት» የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበት ቀላል ሣጥን ብዙ ጊዜ የተጻፈውን አይሰጥም። ትልቅ ሀርድ ዲስክ ለመነሳት ብቻ ለጥቂት ሰከንድ 20 ዋትና ከዚያ በላይ ይስባል፤ ሁለቱ ባንድ ጊዜ ሲነሱ ደካማው ሰፕላይ ይንበረከካል። የስላሾቹ ዴስክቶፖች የፋብሪካ ሰፕላይ እዚህ ላይ አስተማማኝ ነው።

ለአዲስ አበባ ሰው አንድ ነገር መጨመር ይገባል። አምራቾች ለአብዛኛው ሀርድ ዲስክ የሚፈቅዱት ከፍታ እስከ 3,048 ሜትር ነው። ከተማዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ብትሆንም በዚያ ውስጥ ነች፤ እንጦጦ አናት ላይ ሰርቨር መትከል ያማረው ግን ቢያስብበት ይሻላል። ከፍታው አየሩን ስለሚያሳሳው ፋኑ የሚያቀዘቅዘው ከባሕር ጠለል ባነሰ መጠን ነው። ሣጥኑን ቁም ሳጥን ውስጥ መዝጋት አይገባም።

ገንዘቡ የሚሄድበት

ዲስክ ከመግዛት በፊት ስንት ቴራ ያስፈልጋል የሚለው ይሰላ። አንድ ገጽ ስካን 1 ሜጋ ባይት ቢይዝና በቀን 100 ገጽ ለ300 ቀን ቢገባ በዓመት 30 ጊጋ ባይት ነው፤ በአምስት ዓመት 150። ለሰነድ ብቻ ከሆነ እንግዲህ 1 ቴራም ይተርፋል። ቦታ የሚበላው ቪዲዮው ነው። ቤትና መኪና እየቀረጸ የሚያሻሽጥ ደላላ በ4ኬ ሲቀርጽ በደቂቃ ከ150 ሜጋ ባይት በላይ ይሞላል። ለአብዛኛው ነጋዴ 4 ቴራ ልክ ነው፤ ዛሬ 16 ቴራ ገዝቶ ባዶውን ማሽከርከር ግን ገንዘብን ማሰር ነው።

ዲስክ ሁሉ አንድ አይደለም። አንዳንዱ መስመሮቹን እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ እያነባበረ ይጽፋል፤ «ኤስኤምአር» ይባላል። መሐል ያለን አንድ ቆርቆሮ ለመቀየር የጎረቤቱን ማንሳት እንደሚያስፈልግ ሁሉ ይህም ዲስክ አሮጌውን ለመቀየር አጠገቡ ያለውንም መልሶ መጻፍ አለበት። ለፋብሪካው ይረክሳል፤ ለሰርቨር ግን በተለይ የተበላሸ ዲስክ ተተክቶ መረጃው ሲገለበጥ እጅግ ይንቀራፈፋል። መስመሮቹን ጎን ለጎን የሚጽፈው «ሲኤምአር» ነው።

ዌስተርን ዲጂታል እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2020 ለፋይል ሰርቨር ብሎ በሚሸጠው «ሬድ» ዲስኩ ውስጥ ከ2 እስከ 6 ቴራ ያሉት አንዳንዶቹ ኤስኤምአር መሆናቸውን ለማመን ተገድዷል፤ ገዢው አልተነገረውም ነበር። ከዚያ በኋላ «ሬድ ፕላስ» የሚል መደብ አውጥቶ ሲኤምአሮቹን ለይቷል። ለገበያተኛው ይህ ማለት ያለ ቅጥያ «ሬድ» ብቻ የሚል 4 ቴራ ሲቀርብለት የሞዴሉን መጨረሻ ማንበብ አለበት ማለት ነው፤ በዚህ መጠን «ኢ-ኤፍ-ኤ-ኤክስ» የሚለው ኤስኤምአር፣ አሮጌው «ኢ-ኤፍ-አር-ኤክስ» ሲኤምአር ነው። የሲጌት «አይረንዎልፍ» በሙሉ ሲኤምአር ነው፤ የዴስክቶፕ «ባራኩዳ» ውስጥ ግን ብዙ ኤስኤምአር አለ። በከተማው በብዛት የሚገኙት የደህንነት ካሜራ ዲስኮች ቀን ከሌት መሥራትን የለመዱ ስለሆኑ ሌላ ከጠፋ ያገለግላሉ፤ ለፋይል የተሠራው ካለ ግን እሱ ይቀድማል።

ሁለተኛው ወጥመድ አዲስ መስሎ የሚሸጠው አሮጌ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 «ቺያ» የተባለው ዲጂታል ገንዘብ በዲስክ ቦታ ይመረት ስለነበር የዲስክ ዋጋ ወጣ፤ ትርፉ ሲጠፋ ዲስኮቹ ተመልሰው ወደ ገበያ ፈሰሱ። እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ በጀርመንና በሌሎች የአውሮፓ አገሮች አዲስ ተብለው የተሸጡ የሲጌት ዲስኮች ከ10,000 ሰዓት በላይ የሠሩ ሆነው ተገኙ። ከቺያ ማምረቻዎች ሳይወጡ እንዳልቀረ ተጠርጥሯል። የሥራ ሰዓት ቆጣሪያቸው፣ እንደ መኪና ኪሎ ሜትር ሁሉ፣ ወደ ዜሮ ተመልሶ ነበር። ያጋለጣቸው «ፋርም» የተባለው ሲጌት ውስጥ ያለ ሌላ መዝገብ ነው፤ አጭበርባሪዎቹ እሱን አልነኩም ነበር።

ፍተሻው በሕግ በሚሠሩ የአውሮፓ መደብሮች ያለፈ ነገር በሻንጣ በሚገባ ዕቃ ላይ አይደርስም ማለት አይቻልም። ስለዚህ ገንዘብ ከመከፈሉ በፊት መደብሩ ውስጥ ዲስኩን ሰክቶ «ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ» በተባለው ነፃ ፕሮግራም የሠራበትን ሰዓት ማየት፣ ሲጌት ከሆነ የፋርሙን መዝገብ ማስወጣት፣ የሴሪ ቁጥሩንም አምራቹ ድረ ገጽ ላይ አስገብቶ ዋስትናው መኖሩን ማረጋገጥ የግድ ነው። አንድ ዓመት ሙሉ ያለ ዕረፍት የሠራ ዲስክ 8,760 ሰዓት ያሳያል። ቤት ከደረሰም በኋላ ፋይል ከመጫኑ በፊት አንድ ሌሊት ሙሉውን ጽፎ እንዲያነብ ማድረግ ይገባል፤ ሊሞት ያለ ዲስክ ባዶ ሳለ ቢሞት ይሻላል። በትንሽ ዋጋ «16 ቴራ» ተብሎ የሚሸጠው የኪስ ኤስኤስዲማ ፎርጅድ ነው፤ ለመፈተሽም ጊዜ ማጥፋት አያስፈልግም።

የዲስክ ዋጋ የሚወሰነው ሩቅ አገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ታይላንድ በጎርፍ ስትጥለቀለቅ የዌስተርን ዲጂታል ፋብሪካ ውኃ ገብቶበት የብዙ ዲስኮች ዋጋ በጥቂት ሳምንታት ወደ እጥፍ ተጠግቷል። ሁለት ዲስክ ለመግዛት ያሰበ ሰው ሦስተኛውን ለመጪው ዓመት ማቆየቱ ለዚህ ነው የማያዋጣው።

ሦስተኛው ዲስክ ለምን?

ሁለቱ ዲስኮች «ሚረር» ይደረጋሉ፤ አንዱ ላይ የተጻፈው ሌላው ላይም ይጻፋል። 4 ቴራ ሁለት ጊዜ ተገዝቶ የሚገኘው 4 ቴራ ነው። ባክብሌዝ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ የራሱን ዲስኮች የብልሽት መረጃ ያወጣል፤ በቅርብ ዓመታት በዓመት ከ100 ዲስክ ከአንድ እስከ ሁለት ይበላሻል። ትንሽ ይመስላል፤ የሚያስፈራው ባንድ ቀን ከአንድ ካርቶን የወጡ ሁለት ዲስኮች ተመሳሳይ ጉድለት ሊኖራቸው መቻሉ ነው። ሁለቱን ከተለያየ መደብር ወይም ከተለያየ አምራች መግዛት ያለ ተጨማሪ ወጪ ይህን ይቀንሳል።

ሚረር ግን ከዲስክ ሞት እንጂ ከስህተት አያድንም። ጸሐፊዋ በስህተት የሰረዘችው ፋይል ከሁለቱም ይሰረዛል። ሌባ ሣጥኑን ሲወስድ ሁለቱንም ይወስዳል። እ.ኤ.አ. በጥር 2022 «ዴድቦልት» የተባለው ቫይረስ ለኢንተርኔት ክፍት የነበሩ የኪውናፕ ሰርቨሮችን ቆልፎ ከእያንዳንዱ ባለቤት 0.03 ቢትኮይን ሲጠይቅ የብዙዎቹ ሚረር በትክክል እየሠራ ነበር፤ የተቆለፈውን ፋይል ሁለቱም ዲስክ ላይ በታማኝነት ጽፏል። ሰርቨሩን ለውጭ ክፍት አለማድረግ የመጀመሪያው ጥንቃቄ ነው። ሁለተኛው ሦስተኛ ዲስክ መግዛት ነው።

ይህኛው ከሰርቨሩ ጋር አይኖርም። እዚህ ላይ ርካሹ ኤስኤምአርም ያገለግላል፤ ሥራው አልፎ አልፎ መገልበጥ ብቻ ስለሆነ ፍጥነቱ ማንንም አይቸግርም። በዚህ ስሌት ከጠቅላላው በጀት ከግማሽ በላይ የሚሆነው ለሦስቱ ዲስኮች፣ ቀጥሎ ለዩፒኤስ፣ የተረፈው ለሣጥኑ ይሆናል፤ መደብሮች ከሚያቀርቡት የዋጋ ዝርዝር ጋር ፊትና ኋላ የሆነ አከፋፈል ነው። ሰርቨሩ ቤት ከሆነ ሦስተኛው ዲስክ ሱቁ ካዝና ውስጥ፣ ከቼክ ደብተሩ አጠገብ ይቀመጣል፤ ወር በገባ በመጀመሪያው ቅዳሜ ማታ ወደ ቤት መጥቶ ይገለበጥና ሰኞ ጠዋት ወደ ካዝናው ይመለሳል።